መኪናዬ ስረግጣት ትጮሃለች

ሐረር ውስጥ «መኪናዬ» ከማለታችሁ በፊት የት ቆማችሁ እንደምትናገሩ እወቁ። ጀጎል ግንብ ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ ወደ ገበያው የሚወርደው ጠባብ መንገድ መኪና ግርግር ይባላል። ስሙን ያወጡለት ልብስ ሰፊዎቹ ናቸው፤ ግራና ቀኝ ተደርድረው ሲረግጡ ስለሚውሉ ድምፁ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ በረዶ ነው የሚመስለው። እዚያ መኪና ማለት የስፌት መኪና ነው። ጎማ ያለውን የፈለገ ከግንቡ ወጥቶ ይፈልግ።

እኔ በዚያ መንገድ ላይ ከሃያ ዓመት በላይ ረግጫለሁ። ስፌት ያስተማረኝ ሰው የለም። አሮጌ ልብስ እየፈታሁ፣ እንዴት እንደተገጠመ እያየሁ፣ መልሼ እየሰፋሁ ነው የለመድኩት። ፊደልም እንደዚያው ነው፤ ልጄ ትምህርት ቤት ስትገባ ከእሷው ደብተር ላይ አብሬያት ቆጠርኩ። መንጃ ፈቃድ እንኳ ያወጣነው አብረን፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው፤ እሷ በሃያ ሁለት ዓመቷ፣ እኔም፣ እንግዲህ፣ በዕድሜዬ።

መንጃ ፈቃድ ምን ያደርግልሻል አትበሉኝ። ጅቡቲ ሲነግድ የኖረው አጎታችን ወደ አኺራ ሲሄድ፣ አላህ ይርሐመው፣ መጋዘኑ ለታላቅ ወንድሜ ደረሰ፤ ለእኔ ደግሞ ማንም ያልፈለጋት መኪና ተረፈችኝ። ቀይ ናት። በሯ ሁለት ብቻ ነው። ሆዷ መሬት ሊነካ ስንዝር አይቀረውም። ሞተሯ ሲነሳ የሚንኳኳው ደረታችሁ ውስጥ ነው፤ ነዳጅ ስትሰጧት ወንበሩ ጀርባችሁን ገፍቶ ይዟችሁ ይሄዳል። የሚያውቁ ሰዎች ለሩጫ የተሠራች ናት ይላሉ። አጎቴ በዚያ ዕድሜው ወዴት ሊሮጥባት እንደገዛት አላህ ይወቀው። ወንድሜ ገዢ ሲያፈላልግላት ገብቼ መሪዋን ጨበጥኩና አልወርድም አልኩ። እስከ አስር ሰዓት ጠበቀኝ። አልወረድኩም።

ችግሯ አንድ ነው። መሄዱን ትችልበታለች፤ መቆም ሲመጣ ነው። ፍሬን ስረግጥ ትጮሃለች። ጥርስ የሚያንገፈግፍ፣ ቀጭን፣ እስከ መጨረሻው የማይቋረጥ ጩኸት። ቤቴ ፈላና በር አጠገብ ነው፤ ከግንቡ ውጭ ላቆማት ስደርስ ሽንኩርት የምትሸጠው ጎረቤቴ ጆሮዋን በሻርፗ ጠቅልላ ትጠብቀኛለች።

«መጣሽ? እኛ እኮ አወዳይ ሳለሽ ሰምተንሻል!»

ልጄ ባታገባ ኖሮ ነገሩ በቀልድ ያልፍ ነበር። የሚያገባት ልጅ የድሬዳዋ ልጅ ነው። የእኛ ድግስ ሐረር ይሆንና ሙሽሪት በአጀብ ወደ ድሬዳዋ ትሸኛለች። ሰርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ ቀሚስ ላይ ቁልፍ እየተከለች፣

«እማ፣ እኔ የምሸኘው በቀይዋ ነው» አለችኝ።

«በየትኛዋ ቀይ?»

«ስንት ቀይ አለን? የምትነጂውም አንቺ ነሽ።»

በእኛ ዘመድ እናት ሙሽራ ልጇን ራሷ ነድታ ስትሸኝ ታይቶ አይታወቅም። መርፌው ከእጄ ወደቀ። ደስ አለኝ። እሺ ልላት አፌን ስከፍት ግን ደንገጎ ትዝ አለኝ። ከሐረር ወደ ድሬዳዋ ስትሄዱ ደጋው ደንገጎ ላይ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው እየተጠማዘዘ ወደ ቆላው የሚወርድ ቁልቁለት ነው። በአንድ በኩል ተራራ፣ በሌላ በኩል ሰማይ። እዚያ መንገድ ላይ ፍሬን ነው ሁሉ ነገር።

ወንድሜ ሲሰማ ከደንገጎው በፊት የታየው ሌላ ነው።

«ሙሽራ እየጮኸች ልትገባ ነው? ሰው ምን ይላል? ተገድዳ መጣች እንዲሉን?»

«የምትጮኸው መኪናዋ ናት እንጂ ልጅቷ አይደለችም።»

«ከሩቅ ማን ይለየዋል! ነጭ መኪና ከነሹፌሩ እከራያለሁ። አንቺ ከሴቶቹ ጋር በሚኒባስ ትሄጃለሽ።»

«ዝም ካሰኘኋትስ?»

ወደ ላይ አየ፣ ወደ ታች አየ። «ዝም ካሰኘሻት እንነጋገራለን» አለኝ።

ይህን ተስፋ ይዤ በማግስቱ ሥራ ገባሁ። ከሱቄ ፊት ለፊት የስፌት መኪና የሚጠግኑ ሽማግሌ አሉ። መኪና ግርግር ውስጥ በእሳቸው እጅ ያላለፈ መኪና የለም። ጆሯቸው ትንሽ ከብዷል፤ የመንገዱ ድምፅ ሲጨመርበት ደግሞ ካልጮሁ አይሰሙም። እኔም ሐሳቤ ከቀይዋ ጋር ስለነበረ፣ ብረት የሚያውቅ ሰው ያው ብረት ያውቃል ብዬ፣ ከተቀመጥኩበት ጮኽኩ።

«አባቴ! መኪናዬ ስረግጣት ትጮሃለች!»

«ኧ?»

«መኪናዬ! ስረግጣት! ትጮሃለች!»

«ዘይት ያየችው መቼ ነው?»

«እኔ እንጃ!»

«ታዲያ ብትጮህ ምን ይገርማል? ደርቃ ነዋ! የሚሽከረከረው ላይ ዘይት ጠብ ጠብ አድርጊላት! በደንብ!»

ጀዛከላህ ብዬ መረቅኳቸው። ይህን የሚያህል ጭንቀት በዘይት ጠብታ ሊያልቅ ነው! ከዙህር ሰላት በኋላ፣ አፍንጫው ረጅም የሆነውን የዘይት ጣሳዬን ይዤ ቀይዋ ዘንድ ሄድኩ። በፊት ጎማዎቿ ቀዳዳ ስታዩ አንድ የሚያብለጨልጭ ክብ ብረት ይታያል። የሚሽከረከረው እሱ ነው። ከጎማው ጋር ተሽከርክሮ እንዲዳረስ እኔ ጠብ ሳደርግ ልጄ ትንሽ ወደፊት፣ ትንሽ ወደኋላ ታደርጋታለች። የቀኙንም፣ የግራውንም። ለስፌት መኪናዬ እንኳ እንደዚያ ራርቼ አላውቅም።

ከዚያ እዚያው ሜዳው ላይ በእርጋታ ሄድኩና ረገጥኩ። ዝም።

እንደገና ረገጥኩ። ዝም! ሽንኩርት ሻጯ ጎረቤቴ ሻርፗን ከጆሮዋ ላይ አውርዳ «ምን አደረግሻት? ሞተች?» አለችኝ። በጣም ቀስ ብዬ ስሄድ ስለነበር ያቆመኝ ፍሬኑ ይሁን ሜዳው አልለየሁም፤ ዝምታው ብቻ አሰከረኝ። ወዲያው ለወንድሜ ደወልኩ። «ና! አሁኑኑ ና!»

መጣ። ነጩን ኮፍያውን እንዳደረገ አጠገቤ ተቀመጠና ቀበቶውን ሁለት ጊዜ ሳብ ሳብ አድርጎ አረጋገጠ። ከፈላና በር ተነስተን ወደ አቦከር በኩል ዳገቱን ወጣን። መውጣቱ ላይ ፍሬን አያስፈልግም፤ እየዘፈንኩ ነዳሁ። መመለሻው ቁልቁለት ላይ ግን እግሬን ሳሳርፍ ቅቤ የረገጥኩ መሰለኝ። መርገጫው አለ፤ እግሬን ይመልሳል፤ መኪናዋ ግን አልሰማችም። የበለጠ ረገጥኩ። ዝም ብላ መሄድ ሆነ ሥራዋ።

«ቀስ በይ» አለ ወንድሜ።

«እሺ።»

«ቀስ በይ እኮ ነው የምልሽ!»

«እሺ እያልኩህ ነው፣ እሷ ናት እሺ ያላለችው!»

ማርሽ ቀነስኩ፤ ሞተሯ አገሳች። የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ። ከፊት ለፊት፣ ቤት የሚሠሩ ሰዎች መንገድ ዳር የከመሩት አሸዋ ታየኝና ቢስሚላህ ብዬ መሪዋን ወደዚያ አዞርኩ። አፍንጫዋን እስከ መብራቷ ድረስ አሸዋው ውስጥ ቀበረችና ቆመች። ማንም አልተነካም፤ አልሐምዱሊላህ። በተከፈተው መስኮት የገባው አሸዋ የወንድሜ ኮፍያ ላይ ቁጭ ብሏል። ኮፍያውን አውልቆ አራገፈ።

«ዝም አለች» አለኝ።

«አዎ።»

«አንቺም አሁን ዝም በይ። ነጯን እከራያለሁ።»

ሳቁብኝ፣ ግድ የለም፤ ግን ፍሬን ላይ ዘይት እንዳታስጠጉ። ያን ቀን ሱቄን ዘግቼ ቤቴ ገባሁ። በማግስቱ ግን ሐሳቤ ተመለሰልኝ። ሰርጉ አስራ ሁለት ቀን ይቀረዋል፤ ቀይዋን አስጎትቼ ከግንቡ ውጭ ጋራዥ ያለው አንድ መካኒክ ዘንድ ወሰድኳት።

ይህ ሰው ከሐረር ዳር፣ ከድሬ ጠያራ የመጣ ገበሬ ነበር። የመስኖው ሞተር በተበላሸበት ቁጥር ራሱ እየፈታ እየገጠመ ኖሮ፣ የጎረቤቱንም መፍታት ጀመረና በዚያው ከተማ ገባ። እንደኔው ነው ማለት ነው፤ ወዲያው ወደድኩት። እሱ ኦሮምኛው ይቀናዋል፣ እኔ ሐረሪው፤ አማርኛ ላይ ተገናኘን። መኪናዋን በክሪክ አነሳት፣ ጎማውን ፈታ፣ በጣቱ ብረቱን ጠረገና ጣቱን አሸተተ።

«አዴ» አለኝ፤ እነሱ ጋ ትልቅ ሴት የምትጠራበት ነው፤ «ይሄ የምን ዘይት ነው?»

«የመኪና።»

«የምን መኪና?»

«የስፌት።»

መፍቻውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ሊስቅብኝ አፍሮ ወደ መኪናዋ ጀርባ ሄደ። ሲመለስ ፊቱን አስተካክሎ ነበር፤ ሲያየኝ ግን አልቻለም፣ ተመልሶ ሄደ።

«ኧረ አቦ! ወላሂ አዴ፣ በሃያ ዓመት ሥራዬ...»

«ሰማሁህ። ሳቅህን ጨርስና አስተምረኝ።»

አስተማረኝ። ያ የሚያብለጨልጨው ክብ ብረት ዲስክ ይባላል። ከግራና ከቀኝ ሁለት ሸራዎች አሉ፤ ፍሬን ሲረገጥ ዲስኩን ጨብጠው ያቆሙታል። ሸራ ሲለኝ እኔ የድንኳን ሸራ ነው የታየኝ፤ እሱ ግን አውጥቶ ያሳየኝ መዳፍ የምታህል ጥቁር ነገር ናት፤ ጀርባዋ ላይ ብረት አለ፣ እንደ ድንጋይ ትጠነክራለች። አንደኛዋ ተበልታ ተበልታ እንደ ጥፍር ሳስታለች።

«ትጮህ የነበረው ለዚህ ነው። ሸራው አለቀና ብረቱ ብረት መንካት ጀመረ። አለቅኩ እያለችሽ ነበር። አንቺ አፏን በዘይት ዘጋሽው።»

«ቢታጠብስ?»

«ዲስኩ ይታጠባል። ሸራው ግን ዘይቱን ጠጥቶታል፤ አይመለስም።»

አዲስ አበባ የሚያውቀው መለዋወጫ ሻጭ ዘንድ ደወለ። ለእንደዚህ ዓይነት መኪና ዋናው ሸራ ከዱባይ ነው የሚመጣው፣ ሁለት ወር ይፈጃል አሉት። ዋጋውንም ነገሩት። ስልኩን ዘግቶ ዋጋውን ሲደግምልኝ፣ በዚያ ገንዘብ ነጯን መኪና ከነሹፌሩ ገዝቼ ሹፌሩንም መዳር የምችል መሰለኝ። ግንባሬን ይዤ ጎማ ላይ ተቀመጥኩ።

መካኒኩ ዲስኩን በቤንዚን ጨርቅ እየጠረገ፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው፣ «ሸራ የሚሠሩ ሰዎች እኮ ለየመኪናው አዲስ ቅርጽ አይፈጥሩም» አለ። «የሩጫ መኪና ብትሆንም፣ የሷን ቅርጽ የሚለብስ ሌላ ተራ መኪና አይጠፋም። ብቻ ማን ቁጭ ብሎ ቅርጽ ያመሳስላል?»

ከጎማው ላይ እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም።

«ምን አልክ? ቅርጽ ማመሳሰል?»

«አዎ።»

«ሃያ ዓመት ሙሉ ሌላ ምን ስሠራ ኖርኩ?»

እዚያው የጫማ ካርቶን ቀደድኩ። አሮጌዋን ሸራ አስተኝቼ በጠመኔዬ ዙሪያዋን አሰመርኩ፤ በመቀሴ ቆረጥኩ። ከብረቱ ጫፍ ላይ ግራና ቀኝ እንደ ጆሮ የሚወጡትን፣ የቀዳዳዋን ቦታ፣ ሁሉን አወጣሁ። መካኒኩ አዲስ ስትሆን ሊኖራት የሚገባውን ውፍረት ነገረኝ፤ ካርቶኑ ጠርዝ ላይ በመስመር አሳየሁ። የሙሽራ ቀሚስ ልክ እንደዚያ ተጠንቅቄ አውጥቼ አላውቅም። አራት ቅጂ ሠራሁ።

ሦስት ቀን ሐረርን በካርቶን ዞርኳት። መለዋወጫ የሚሸጡ ሁሉ መጀመሪያ ሳቁ።

«አዴ፣ ለፍሬን ኮት ልትሰፊለት ነው?»

«አዎ፣ ክራቫትም አለው። መደርደሪያህን ዝቅ አድርግልኝ።»

ሸራውን ከየሳጥኑ እያስወጣሁ ካርቶኔን ላዩ ላይ አስተኛለሁ። አንዱ ይሰፋል፣ አንዱ ይጠባል፣ አንዱ ቀዳዳው ይስታል። በሦስተኛው ቀን ሻጮቹም ነገሩ ገብቷቸው ከእኔ በላይ ይፈልጉ ጀመር፤ አንዱማ ሱቁን ዘግቶ ጎረቤቱ ዘንድ አብሮኝ ገባ። ሐረር ላይ ግን አልተገኘም። ስለዚህ አንዱን ካርቶን ለድሬዳዋ ሚኒባስ ሹፌር ሰጥቼ ለአማቼ፣ ማለቴ ገና አማቼ ሊሆን ለሚለው ልጅ ላክሁለት። ከሰዓት በኋላ ደወለልኝ።

«እንዴት ዋሉልኝ? የላኩት ካርቶን ደረሰኝ። ግን... ምንድን ነው?»

«ልክ ነው።»

«የምን ልክ?»

«የሰርግህ።»

ነገሩን ሳስረዳው «እሺ፣ አሁኑኑ እወጣለሁ» አለኝ። እውነቴን ነው፣ ልጄ ደህና ሰው እንዳገኘች ልቤ ያረፈው ያኔ ነው። ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ስር ሰው ሁሉ ከሙቀት ሲሸሽ፣ እሱ በዚያ ፀሐይ ካርቶን ይዞ ከሱቅ ሱቅ ሲዞር ዋለ። በማግስቱ ጠዋት ስልኬ ላይ ፎቶ ገባ። ጥቁር ሸራ፣ ላዩ ላይ የእኔ ካርቶን። አሰፋሁት፣ አጠበብኩት፣ እንደገና አሰፋሁት። ዙሪያውን ተጋጥሟል! አንደኛው የብረት ጆሮ ብቻ ከካርቶኑ የጥፍር ውፍረት ያህል ወጣ ብሏል። የምን መኪና ሸራ ነው ብለው የትንሽ የጭነት መኪና ነው አለኝ፤ ዋጋው ከአንድ የሰርግ ቀሚስ ጨርቅ አይበልጥም። መኪና ግርግር መሐል ቆሜ እልል አልኩ። ልብስ ሰፊዎቹ መርገጥ አቆሙና መንገዱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጸጥ አለ።

ሸራው በሚኒባስ ሲመጣ መካኒኩ ወዲያው አልገጠመውም። አስተኝቶ ለካው፣ ዲስኩ ላይ ሙሉ በሙሉ ማረፉን አየ፣ ሙቀት የሚችል መሆኑን ሸራው ከመጣበት ሳጥን ጽሑፍ ላይ ልጄ አነበበችለት። ከዚያ ያቺን የወጣች ጆሮ ራሱ በሞረድ ሞረዳት።

«የምነካው ብረቷን ነው እንጂ ሸራውን አይደለም» አለኝ፤ «የሚይዘውን ነገር መቁረጥ የለም።»

ዲስኩን ቶርኖ ቤት ወስዶ አስላጠው፤ ከዚያ በፊት ግን ውፍረቱን ለክቶ፣ «ሳስቶ ቢሆን እምቢ እልሽ ነበር» አለኝ። ካሊፐር የሚሉትን፣ ሸራዎቹን አቅፎ የሚጨብጠውን ብረት ፈታ፤ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች በዝገት ተጣብቀዋል። አንደኛው ሸራ ብቻውን ያለቀው ለዚህ ነው። ጠረገና ሙቀት የሚችል ግራሶ ቀባቸው። እዚህ ላይ ቀና ብሎ አየኝ።

«አዴ፣ ቅባት የሚገባው እዚህ፣ እዚህ ብቻ ነው። አየሽ?»

«አይቻለሁ፣ አይቻለሁ!»

መጨረሻ ላይ የአሮጌዋን ሸራ ጀርባ አገላብጦ ራሱን ነቀነቀ። «እዚህ ቀጭን ብረት ነበረ፤ የሆነ ሰው ጥሎታል። ሸራው አዲስ ቢሆንም ያለ እሱ ይጮሃል። ጩኸት ከመንቀጥቀጥ ነው የሚመጣው፤ ይሄ መሐል ገብቶ መንቀጥቀጡን ያበርደዋል።»

«ገበር ነው በለኛ!»

«ምን?»

«ገበር! ኮት ውስጡ ገበር ከሌለው ጨርቁ አያርፍም፣ ይንሻፈፋል። ቆርቆሮውን አምጣ፣ እኔ እቆርጠዋለሁ።»

ካርቶኔን ቀጭን ብረት ላይ አስተኝቼ በቆርቆሮ መቀስ አራት ገበር አወጣሁ። ጠርዛቸውን በብርጭቆ ወረቀት ሳለሰልስ መካኒኩ እጁን አጣምሮ ቆሞ ያየኝ ነበር። ሲገጥማቸው ከአንዱም ላይ ምንም አልቀነሰም። «ከነገ ጀምሮ እዚህ ግቢ» አለኝ፤ የእድሜዬ ትልቁ ሙገሳ ነው።

ገጥሞ ሲጨርስም ወዲያው እንዳልሮጥባት ነገረኝ። አዲስ ሸራና ዲስክ እንደ ሙሽሮች ናቸው፣ በቀስታ ይላመዱ አለኝ። ወደ ድሬ ጠያራ በሚወስደው፣ ሰው በማይበዛበት መንገድ ላይ ከልጄ ጋር ወጣን፤ ትንሽ እፈጥናለሁ፣ በልኩ እረግጣለሁ፣ ሳልቆም እለቅቃለሁ፣ እንድትበርድ እነዳለሁ፣ እንደገና እረግጣለሁ። ልጄ በሁለቱም እጇ ሂና ስላለ መዳፏን ዘርግታ፣ ምንም ሳትነካ ትቆጥርልኛለች። በሰባተኛው ላይ «እማ፣ የወፎቹ ድምፅ ይሰማል እኮ» አለችኝ።

ለወንድሜ አሳየሁት። መንገድ ዳር ቆሞ ሦስት ጊዜ አስረገጠኝ። ሦስቱንም ጊዜ ባለበት ቀጥ አለች፤ ድምፅ የለም። ጢሙን ዳበሰና፣

«ዝምታዋን አይቼዋለሁ፤ አሸዋ ድረስ» አለኝ።

እውነቱን ነው። ልጄ ተለማመጠችው፤ መጨረሻ ላይ ነገሩ እንዲህ ተቋጨ፦ ልጅቷ ከእኔ ጋር ትሄዳለች፤ እሱ ነጯን ተከራይቶ ከኋላችን ይከተላል፤ መንገድ ላይ አንዲት ነገር ካየ ሙሽሪት ወደ ነጯ ትዛወራለች፤ እኔም ወደ ሚኒባሱ።

የሰርጉ ቀን ልጄ ከነቀሚሷ አጠገቤ ስትቀመጥ፣ መሪውና ማርሹ ብቻ ናቸው ከጨርቅ ውጭ የቀሩት። የሴቶቹ ሚኒባስ ቀድሞ ወጣ፤ ነጯ ከኋላዬ፣ ወንድሜ ከፊት ወንበር ላይ አንገቱን አስግጎ። አወዳይ ላይ የጫት ገበያተኛው መንገዱን ሞልቶት ስለነበር እየቆምኩ እየሄድኩ ነው ያለፍኩት። ሰዉ ቀይዋን ሲያይ ጣሪያዋን እየደበደበ ማሻአላህ ይላል፤ አንዲት ሴት በመስኮት እጇን አስገብታ እቅፍ ሙሉ ቀንበጥ ጫት የልጄ ጭን ላይ ጣለችላት። ሐረማያን አለፍን። ደንገጎ ደረስን።

ቁልቁለቱ አፍ ላይ መካኒኩ እንደመከረኝ ማርሽ ቀነስኩ። ሞተሩ ራሱ ይያዛት፤ ፍሬኑ ላይ አትተኚበት፣ አጥብቀሽ ትረግጫለሽ፣ ትለቂያለሽ፣ ነበር ያለኝ። አንደኛው መጠምዘዣ። ሁለተኛው። ቆላው ከታች በሙቀት ተንጣሎ ይታያል፤ ልጄ ዱዓዋን በሹክሹክታ ትላለች፤ እኔ መጠምዘዣ እቆጥራለሁ። ሦስተኛው መጠምዘዣ ላይ ጫት የጫነ ፒካፕ፣ ክላክሱን እየነፋ፣ ከኋላ መጥቶ በጎኔ አለፈኝና ከፊት ከባድ መኪና ሲመጣበት ተመልሶ አፍንጫዬ ስር ገባ።

ረገጥኩ።

ጩኸት ሰማሁ። ከዚያ ነው የጮኽኩት እኔ መሆኔ የገባኝ። ቀይዋ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳትል፣ መንገዱን በጥፍሯ እንደቧጠጠች ድመት ጥብቅ ብላ ይዛ ነበር። ፒካፑ ራቀ።

«እማ! ያዘች!»

«ያዘች!»

«እማ፣ ያዘች እኮ!»

ሁለታችንም እንደ እብድ እየሳቅን መስታወት ሳይ፣ ነጯ የለችም። መንገዱ ሰፋ ያለበት ቦታ አገኘሁና ቆምኩ። ከመጠምዘዣው ላይ መጀመሪያ ጭስ መጣ፤ ቀጥሎ ነጯ። የተከራየው ሹፌር ከላይ ጀምሮ እግሩን ፍሬኑ ላይ አሳርፎ ነበር የወረደው፤ ከፊት ጎማዎቿ ነጭ ጭስ ይወጣል፣ የተቃጠለ ሽታው አፍንጫ ይቆርጣል። ሹፌሩ ድንጋይ ፈልጎ ጎማው ስር አደረገና፣ «ካልበረደች አልነቃነቃትም» አለ። ወንድሜ ኮቱን በእጁ ይዞ ወረደ። ነጯን አየ። ቀይዋን አየ። ሚኒባሱ ሩቅ ሄዷል።

«ግባ» አልኩት።

«የት ልግባ?»

ቀይዋ ከኋላ ያላት ወንበር ለልጅ እንኳ አይበቃም፤ በዚያ ላይ የሙሽራ ሻንጣና ሰፌድ ሞልቶበታል። ልጄን አስወርደን፣ ወንበሯን አጥፈን፣ ወንድሜን በጎኑ አስገባነው። ጉልበቱ አገጩ ስር ሆነ፤ አንዱን ሰፌድ ጭንቅላቱ ላይ ያዘ።

«ስንተኛ ማርሽ ላይ ነሽ?» አለኝ ገና ሳልነሳ።

«ሁለተኛ።»

«ለምን?»

አስረዳሁት። ሞተሩ እንዴት እንደሚይዝ፣ ለምን ፍሬኑ ላይ እንደማይተኛ፣ ነጯ ለምን እንደጨሰች። ከዚያ እስከ ታች ድረስ፣ እያንዳንዱ መጠምዘዣ ላይ፣ ከሰፌዱ ስር ድምፁ ይመጣ ነበር፤ «አሁን ርገጪ። አሁን ልቀቂ። ርገጪ። በቃ፣ በቃ፣ ልቀቂ።»

የሙሽራው ቤት በር ላይ ስደርስ ሴቶቹ በእልልታ ከበቡን። ልጄ ወረደች፤ ክንፏን እንደዘረጋች ወፍ ቀሚሷን በሁለት እጇ ይዛ። አቁሜ ሳለሁ እንኳ እግሬን ከፍሬኑ ላይ ማንሳት አቃተኝ። የሙሽራው አባት ወንድሜን ከኋላ ወንበር በክንዱ ጎትተው አወጡት፤ ኮቱ ተጨማዷል፣ የሰፌዱ ስንደዶ ግንባሩ ላይ ታትሟል።

«በዚህች ነው የመጣችሁት? በደንገጎ? ፍሬኗ እንዴት ቻለ?» አሉት እየሳቁ።

ወንድሜ ኮፍያውን አስተካከለ፣ ጣሪያዋን በመዳፉ መታ መታ አደረገ።

«ፍሬኗን እኛ ነን የሠራነው» አላቸው። «ቁልቁለት ላይ ደግሞ ዋናው ነገር ሁለተኛ ማርሽ ነው።»

«እኛ» አለ። መስኮቱን ዝቅ አድርጌ አየሁት፤ እሱም አየኝ። ከዚያ አጎንብሶ፣ ሴቶቹ እንዳይሰሙ ዝቅ ባለ ድምፅ፣

«ስንመለስም ከአንቺ ጋር ነኝ» አለኝ፤ «ግን ከፊት።»